መሬት እንደ ውኃ ሲሆን፦ ከኒጋታ ሕንፃዎች እስከ ማሽን ለርኒንግ

ጁን 16 ቀን 1964 ከቀትር በኋላ በጃፓኗ የኒጋታ ከተማ መሬት ተንቀጠቀጠች። የመንቀጥቀጡ መጠን 7.5 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ካዋጊሺ-ቾ በሚባለው ሰፈር፣ ከሺናኖ ወንዝ አጠገብ፣ ባለአራት ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃዎች ተደርድረው ነበር። ከእነሱ አንዱ ወደ ጀርባው ቀስ እያለ አዘነበለና መሬት ላይ ለመተኛት ጥቂት ሲቀረው ቆመ። የሚገርመው፣ አልፈራረሰም። ነዋሪዎቹ በመስኮት እየወጡ፣ ግድግዳው ላይ እየተራመዱ ወረዱ። ከሕንፃዎቹ አንዳንዶቹ በኋላ በክሪክ ተቃንተው እንደገና ተኖረባቸው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የግንበኛው አይደለም። የከዳው መሬቱ ነው። በዚያን ቀን በከተማዋ ከመሬት ስንጥቆች አሸዋ የተቀላቀለበት ውኃ እንደ ምንጭ ይፈልቅ ነበር። ተቀብረው የነበሩ ታንከሮች ተንሳፍፈው ወደ ላይ ብቅ አሉ። ተመርቆ አንድ ወር ገደማ የሆነው የሾዋ ድልድይም ወንዙ ውስጥ ወደቀ። መሬቱ ለትንሽ ጊዜ መሬት መሆኑን ትቶ ፈሳሽ ሆኖ ነበር።

ባለሙያዎች ይህን ሊክዊፋክሽን ይሉታል። ዛሬ የምናየው ታሪክ፣ የትኛው መሬት እንዲህ እንደሚሆን አስቀድሞ ለማወቅ ሰዎች ያደረጉትን የ60 ዓመት ጥረት ነው። ታሪኩ በመዶሻ ምት ቆጠራ ይጀምርና ማሽን ለርኒንግ ላይ ይደርሳል። ጠቅላላ ታሪኩን ስናየው ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ይመጣብናል፦ ከተጎዳው ቦታ ይልቅ ምንም ያልሆነው ቦታ ብዙ ያስተምራል። እሱን የሚመዘግብ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ጣሳ ነቅነቅ ሲደረግ

ገበያ ውስጥ እህል በጣሳ ሲሰፈር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ገዢዋ «እስቲ ነቅነቅ አድርጊው» ትላለች። ሻጯ ስትነቀንቀው ሞልቶ የነበረው ጤፍ ዝቅ ይላል፣ ተጨማሪ እፍኝ ይገባበታል። የጤፉ ቅንጣቶች መጀመሪያ ሲፈሱ ልል ሆነው ነው የተቀመጡት። ሲነቀነቁ ይጠጋጋሉ።

ልል አሸዋም እንዲሁ ነው። ሲነቀነቅ ለመጠጋጋት ይፈልጋል። አሁን በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት በአየር ሳይሆን በውኃ ተሞልቷል እንበል። አሸዋው እንዲጠጋጋ ውኃው ቦታ መልቀቅ አለበት። ውኃ ደግሞ በቀላሉ አይታመቅም፣ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥም ሾልኮ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ በላይ ያለው ሸክም ከአሸዋው ላይ ወደ ውኃው ይተላለፋል። የውኃው ግፊት ይጨምራል፣ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የሚደጋገፉበት ኃይል ይቀንሳል። መደጋገፉ ጨርሶ ሲጠፋ ቅንጣቶቹ ውኃው ውስጥ የተንሳፈፉ ያህል ይሆናሉ። በላዩ የቆመ ከባድ ነገር ይሰምጣል፣ ውስጡ የተቀበረ ቀላል ነገር ይንሳፈፋል።

ይህን የመደጋገፍ ጉዳይ በትክክል ያስቀመጠው ካርል ቴርዛጊ ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ኢስታንቡል ውስጥ እያስተማረ፣ የአፈር ጥንካሬ የሚወሰነው በጠቅላላው ሸክም ሳይሆን ቅንጣቶቹ ራሳቸው በሚሸከሙት ድርሻ እንደሆነ አሳየ። አሜሪካዊው መሐንዲስ አለን ሄዘን ደግሞ በ1918 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተናደውን የካላቬራስ ግድብ ሲያብራራ፣ ውኃው ሸክሙን ሲወስድ አፈሩ እንደ ፈሳሽ እንደሚሆን በ1920 ጽፎ ነበር።

ስለዚህ ነገሩ እንዲከሰት ሦስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፦ ልል አሸዋ ወይም ደለል፣ ወደ ላይ የቀረበ የከርሰ ምድር ውኃ፣ እና በቂ ጉልበትና ቆይታ ያለው መንቀጥቀጥ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መሬቱ ይጸናል። ምክንያቱ ይህን ያህል ግልጽ ነው። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፦ *ይህ* ቦታ፣ በ*ይህ* መንቀጥቀጥ፣ ምን ይሆናል?

መዶሻውን መቁጠር

ከኒጋታ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ማርች 27 ቀን 1964፣ አላስካ በ9.2 መጠን ተናውጣ ነበር። በአንኮሬጅ ከተማ ተርናጌን ሃይትስ የሚባል ሰፈር እየተሰባበረ ወደ ባሕሩ ተንሸራተተ። ቫልዴዝ ላይ የወደቡ ዳርቻ በላዩ ከነበሩት ሰዎች ጋር ባሕር ውስጥ ገባ። በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ መሬት ሰዎችን ከዳች። ከዚያ በኋላ መሐንዲሶች ጉዳዩን ችላ ሊሉት አልቻሉም።

ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ውስጥ ያስተምር የነበረው ቦልተን ሲድ ከባልደረባው ኬኔት ሊ ጋር ቤተ ሙከራ ገባ። ውኃ የጠገበ አሸዋ በስስ ላስቲክ ጠቅልለው፣ የመሬት መንቀጥቀጥን በሚመስል ሁኔታ ደጋግመው ጫኑት። በ1966 ያወጡት ውጤት እንዳሳየው፣ አሸዋው የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ይችላል፣ የውኃው ግፊት ግን በየዙሩ ይጠራቀማል። ከዚያ በድንገት ይከዳል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ልል አሸዋን ከመሬት አውጥቶ ቤተ ሙከራ ማድረስ ራሱ ጣሳውን መነቅነቅ ነው። ቅንጣቶቹ በመንገድ ላይ ይጠጋጋሉ፣ የምንለካው አሸዋም መሬት ውስጥ የነበረው አሸዋ አይሆንም። ስለዚህ አፈሩን እዚያው ባለበት መለካት አስፈለገ። ለዚህ የተመረጠው መሣሪያ ቀላል ነበር፦ 63.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ ዘንግ ይመታል። ዘንጉ 30 ሴንቲ ሜትር እስኪገባ ስንት ምት ወሰደ? ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ አፈሩ ልል ነው። ትልቅ ከሆነ የጠጠረ ነው።

በ1971 ሲድና ኢድሪስ ይህን ቁጥር ይዘው አንድ ግራፍ ሠሩ። በአግድሙ የመዶሻው ምት ብዛት፣ በቁመቱ መንቀጥቀጡ በአፈሩ ላይ ያሳረፈው ጫና አለ። ከዚህ በፊት መንቀጥቀጥ የደረሰበት እያንዳንዱ ቦታ አንድ ነጥብ ነው። ፈሳሽ የሆነው በጥቁር ነጥብ፣ ያልሆነው ባዶ በሆነ ክብ ተቀመጠ። ጥቁሮቹ በአንድ ወገን፣ ባዶዎቹ በሌላው ተሰባሰቡ። በመካከላቸው የሚያልፍ መስመር ተሠመረ። አዲስ ቦታ ስትለኩ ነጥባችሁ ከመስመሩ በየትኛው ወገን እንደወደቀ ታያላችሁ። ዘዴው እየተሻሻለ ዛሬም ድረስ መሐንዲሶች ይሠሩበታል።

ልብ በሉ፣ መስመሩን የሠመረው የሰው ዓይንና የሰው ግምት ነው። ያለፉ ምሳሌዎችን አይቶ ለአዲሱ መፍረድ። ኮምፒውተሩ ገና አልመጣም እንጂ ሐሳቡ ግን ዛሬ ማሽን ለርኒንግ ከምንለው ብዙም አይርቅም።

መስመሩን ማሽን ሲያሠምር

በ1988 ሊያኦ፣ ቬኔዚያኖ እና ዊትማን የተባሉ ተመራማሪዎች 278 የተመዘገቡ ቦታዎችን ሰብስበው ሎጂስቲክ ሪግሬሽን በሚባል ስሌት መስመሩን አሰሉት። መልሱ «ይሆናል» ወይም «አይሆንም» መሆኑ ቀረና «ዕድሉ ይህን ያህል ነው» ሆነ። ይኸው ስሌት ዛሬ የማሽን ለርኒንግ ተማሪ ገና ሲጀምር የሚማረው ነው።

በ1994 ደግሞ ሲንጋፖር ያለው መሐንዲስ አንቶኒ ጎህ ኒውራል ኔትወርክን ሞከረ። ኒውራል ኔትወርክ ብዙ ትንንሽ ቁልፎች ያሉት ሬዲዮ እንደማለት ነው። ጣቢያው ጥርት ብሎ እስኪሰማ ቁልፉን ቀስ እያልን እንደምናዞረው፣ ኮምፒውተሩም የታወቀ መልስ ያላቸውን ምሳሌዎች እያየ ስህተቱ እስኪቀንስ ቁልፎቹን ያስተካክላል። ጎህ በእጁ የነበሩት በ1891 እና በ1980 መካከል ከደረሱ 13 የመሬት መንቀጥቀጦች የተገኙ 85 ምሳሌዎች ነበሩ። በ59ኙ አሠለጠነው፣ ማሽኑ አይቷቸው በማያውቃቸው 26ቱ ፈተነው። ከተለመደው ዘዴ የተሻለ ውጤት እንዳገኘም ጻፈ።

በሩ ተከፈተ። ከ2000 ወዲህ ሰፖርት ቬክተር ማሽን፣ ራንደም ፎረስት፣ ሌላም ሌላም በየተራ ተሞከሩ። በየዓመቱ «የእኛ ሞዴል ይበልጣል» የሚሉ ጽሑፎች ይወጡ ጀመር። መሐንዲሶቹ ግን ወደ መዶሻቸውና ወደ ግራፋቸው ተመለሱ። ለምን?

አንደኛው ምክንያት ምሳሌዎቹ ማነሳቸው ነው። ሁለተኛው ግን የባሰ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ጋዜጠኛውም ባለሙያውም የሚሮጠው ወዴት ነው? መንገዱ ወደተሰነጠቀበት፣ ቤቱ ወደሰመጠበት ነው። ምንም ያልሆነውን ሰፈር ማን ፎቶ ያነሳል? ማንስ ጉድጓድ ቆፍሮ ይለካል? በዚህ ምክንያት መዝገቡ በጥቁር ነጥብ ይሞላል፣ ባዶዎቹ ክቦች ግን ይጎድላሉ።

ይህ ማሽኑን እንዴት እንደሚያታልል በምሳሌ እንየው። ከ100 ቦታዎች 90ዎቹ ፈሳሽ የሆኑ ናቸው እንበል። ምንም ያልተማረ፣ ሁልጊዜ «ፈሳሽ ይሆናል» የሚል ማሽን ብንሠራ 90 በመቶ ትክክል ይሆናል! ሲታይ ጎበዝ ነው፣ ግን ምንም አያውቅም። ይህን ማሽን አምኖ ከተማ የሚገነባ ሰው ደኅናውን መሬት ሁሉ አደገኛ ብሎ ገንዘቡን ይጨርሳል። በተገላቢጦሽ ሲሆን ደግሞ የሚጠፋው ሕይወት ነው።

ክራይስትቸርች፦ ምንም ያልሆነው ቦታ ሲመዘገብ

ሁኔታውን የለወጠው የአንድ ከተማ መከራ ነው። የኒውዚላንዷ ክራይስትቸርች ብዙ ክፍሏ ረግረግና የወንዝ ደለል በነበረ መሬት ላይ ነው የተሠራችው። ሴፕቴምበር 4 ቀን 2010 በአቅራቢያዋ 7.1 መጠን ያለው መንቀጥቀጥ ደረሰ። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2011 ደግሞ በመጠን ያነሰ፣ ግን ከተማዋ ሥር የሆነ ሌላ መጣ። 185 ሰዎች ሞቱ። በምሥራቁ ክፍል፣ በአቮን ወንዝ ዳርና ዳር፣ ግራጫ ደለል ከመሬት እየፈለቀ ጓሮዎችንና መንገዶችን ሸፈነ። ተማሪዎች በፈቃደኝነት ተሰባስበው አካፋና ጋሪ ይዘው ወጡ። ከከተማዋ የተጠረገው ደለል 400,000 ቶን ገደማ ነበር።

አንዳንዱ ሰው አንዴ ጠርጎ ሳይጨርስ በሚቀጥለው መንቀጥቀጥ እንደገና ይፈልቅበታል። መንግሥት በመጨረሻ ከባድ ውሳኔ ወሰነ፦ ወደ 8,000 የሚጠጉ ቤቶች ያሉበት መሬት ከእንግዲህ አይኖርበትም ተባለ። ዛሬ በወንዙ ዳር ያ ቦታ ሣር የለበሰ ሜዳ ነው። ለእነዚያ ቤተሰቦች «ይህ መሬት ፈሳሽ ይሆናል ወይስ አይሆንም?» የሚለው የፈተና ጥያቄ አልነበረም።

የት እንደሚጠገንና የት እንደሚለቀቅ ለመወሰን መሬቱን ሁሉ መለካት ግድ ሆነ። ባለሙያዎች መንገድ በመንገድ እየሄዱ የሆነውን መዘገቡ፣ ከአየርም ፎቶ ተነሳ። በሺዎች በሚቆጠሩ ቦታዎች ጫፉ ሾጣጣ የሆነ ዘንግ ወደ መሬት እየተገፋ የአፈሩ ተቃውሞ ተለካ። ይህ የሾጣጣ ዘንግ ልኬት ከመዶሻው ይልቅ ዝርዝር ነው፣ በየሁለት ሴንቲ ሜትሩ ያህል ይናገራል። ትልቁ ቁም ነገር ግን ልኬቱ በተጎዱት ቦታዎች ብቻ አለመወሰኑ ነው። ምንም ያልሆኑትም ተለኩ። ሁሉም በአንድ የጋራ የመረጃ ቋት ተቀመጠ፣ ለተመራማሪዎችም ተከፈተ።

ከዚህ ቋት በመነሳት ተመራማሪዎች ከሦስት መንቀጥቀጦች 15,000 ያህል ምሳሌዎች አዘጋጁ። የጎህን 85 አስታውሱ! ቴክሳስ ኦስቲን ላይ ዱራንቴ እና ራትጂ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎችም በ2021 ከ7,000 በላይ በሆኑ የክራይስትቸርች ቦታዎች ራንደም ፎረስትን አሠለጠኑ። ራንደም ፎረስት ብዙ ሽማግሌዎች እንደተቀመጡበት ሸንጎ ነው። እያንዳንዱ ሽማግሌ የጉዳዩን የተወሰነ ክፍል ብቻ አይቶ ይፈርዳል፣ በመጨረሻ ድምፅ ይቆጠራል። ለሸንጎው የቀረቡት ማስረጃዎች የመንቀጥቀጡ ኃይል፣ የከርሰ ምድር ውኃው ጥልቀት፣ የመሬቱ ተዳፋትነት፣ ከወንዙ ያለው ርቀትና የመሳሰሉት ናቸው። ጥያቄው ደግሞ ፈሳሽ የሆነው መሬት ወደ ጎን ይንሸራተታል ወይ የሚል ነበር።

ጎበዝ ተማሪ፣ ግን በአንድ መጽሐፍ

ብዙ መረጃ መገኘቱ ብቻውን ግን አይበቃም። በ2023 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዎቹ ብሬት ማውረር እና ሞርጋን ሳንገር በዚህ ጉዳይ የወጡ 75 የማሽን ለርኒንግ ጽሑፎችን መርምረው፣ ሥራዎቹ ለምን ችላ እንደተባሉ ጠየቁ። ያገኙት ለወጣት ተመራማሪ ሁሉ ትምህርት ነው። ብዙዎቹ ሞዴላቸውን በሥራ ላይ ካለው ዘዴ ጋር በትክክል አላነጻጸሩም። ብዙዎቹ ሞዴሉን ሌላ ሰው ሊጠቀምበት በሚችል መልኩ አላቀረቡም። «ይበልጣል» ብሎ ማወጅና ሰው እንዲፈትነው መስጠት ለየቅል ናቸው።

ሌላም አደጋ አለ። ማሽን የሚያውቀው ያየውን ነው። የክራይስትቸርችን ደለል አጥንቶ ሊቅ የሆነ ሞዴል፣ አፈሩም የውኃው ጥልቀትም የተለየ አገር ሲሄድ በሙሉ ልብ ሊሳሳት ይችላል። በአንድ መጽሐፍ ብቻ የተማረ ተማሪ ጥያቄው ከሌላ መጽሐፍ ሲመጣ እንደሚሆነው ማለት ነው።

ስለዚህ አሁን የሚሻለው መንገድ ፊዚክሱን ለማሽኑ አለመተው ነው። የማውረር ቡድን የሚሄድበት አቅጣጫ እንዲህ ነው፦ ውኃና አሸዋ ሲነቀነቁ ምን እንደሚሆኑ ከቴርዛጊ ጀምሮ እናውቃለን፣ ያንን ለስሌቱ እንተወው። ማሽኑ የሚሠራው የማናውቀውን ነው። ዘንግ ባልተገፋበት ቦታ፣ ቢገፋ ኖሮ ምን ያሳይ ነበር? ይህን ከመሬቱ አቀማመጥ፣ ከወንዙ ርቀት፣ ከውኃው ጥልቀት ይገምታል።

ተመሳሳይ መረጃዎችን የሚጠቀም ቀለል ያለ ሞዴልም ሥራ ላይ አለ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ትልቅ መንቀጥቀጥ በደረሰ ቁጥር መሬት የት የት ሊከዳ እንደሚችል የሚያሳይ ካርታ ያወጣል። ሞዴሉ በ2017 የታተመ ሲሆን፣ ከ6 አገሮች ከተገኙ 27 መንቀጥቀጦች የተማረ ነው። በውስጡ ያለው ስሌት ምን መሰላችሁ? የ1988ቱ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን!

አንድ ነገር እንዳይምታታ፦ ከእነዚህ አንዳቸውም መንቀጥቀጡ *መቼ* እንደሚመጣ አይናገሩም። የሚናገሩት ሲመጣ *የት* ላይ መሬቱ እንደሚከዳ ነው። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። ቦታው ከታወቀ መፍትሔ አለ። ማርች 2011 በጃፓኑ ታላቅ መንቀጥቀጥ፣ ቶኪዮ አጠገብ ያለችው ኡራያሱ ከተማ፣ ብዙ ክፍሏ ባሕር ተሞልቶ የተገኘ መሬት ስለሆነ፣ በሰፊው ፈሳሽ ሆነች። መንገዶች ላይ የፍሳሽ ጉድጓዶች ከነክዳናቸው ወደ ላይ ብቅ አሉ። በዚያው ከተማ ግን ከግንባታ በፊት አሸዋቸው ተጠቅጥቆ የጠጠረ ቦታዎች ጸንተው ቆሙ። አስቀድሞ የተነቀነቀ ጣሳ በኋላ ሲነቀነቅ ዝቅ አይልም።

የእኛስ መሬት?

በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሱት ተከታታይ መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ድረስ ተሰምተዋል። ያኔ ብዙ ወጣቶች «የእኛስ ሰፈር?» ብለው ጠይቀዋል። በመጀመሪያ ደረጃ፣ በአዲስ አበባ ብዙ ቦታ ያለው ጥቁር መረሬ አፈር ጭቃነቱ የሚያያይዘው ሸክላ ነው። ሲረጥብ ማበጥ፣ ሲደርቅ መሰንጠቅ ነው ጠባዩ። ችግሩ ሌላ ዓይነት ነው። ዛሬ ስናወራለት የቆየነው ጉዳይ የሚመለከተው በስምጥ ሸለቆው ሐይቆችና ወንዞች ዳር ያለውን፣ ውኃው ቅርብ የሆነውን አሸዋና ደለል ነው።

ማሽኖቹ የሠለጠኑበት መዝገብ ግን በአብዛኛው ከጃፓን፣ ከአሜሪካ፣ ከኒውዚላንድ፣ ከቻይናና ከታይዋን የመጣ ነው። የእኛን ደለል በቅጡ አያውቁትም። ለዚህ መድኃኒቱ የበለጠ ብልህ ማሽን አይደለም፣ መዝገብ ነው። የአዲስ አበባን የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ያቋቋሙት አባ ፒየር ጉዋን በ1979 ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ፣ ከዜና መዋዕሎችና ከተጓዦች ማስታወሻ ሳይቀር መረጃ ለቅመው ነበር። ከዘመናት በፊት አንድ ጸሐፊ «ዛሬ ምድር ተናወጠች» ብሎ የጻፈው አንድ መስመር፣ ለሳይንስ መረጃ ሆኖ አገለገለ።

ዛሬ ያ ጸሐፊ እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። እናንተ ባላችሁበት አካባቢ መንቀጥቀጥ ቢደርስና ከመሬት አሸዋማ ውኃ ሲፈልቅ ብታዩ፣ መጀመሪያ ከአደጋው ራቁ። ከዚያ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ፣ በአቅራቢያችሁ ላለ የዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ትምህርት ክፍል አድርሱ። ከዚያ ደግሞ ሁለት መቶ ሜትር ተራመዱና ምንም ያልሆነውን ሜዳም ፎቶ አንሱት። «እዚህ ምንም አልሆነም» ብላችሁ ጻፉበት። ከመዝገቡ የሚጎድለው እሱ ነው።